በአልካይ ዳርቻ የተፈታ ቋጠሮ

ሀብተ ጊዮርጊስ መሬት የወደቀ ነገር በእጁ አያነሣም ነበር። መሀል ከተማ በሚሠራበት ፓርኪንግ አንድ ደንበኛ ቁልፍ ከጣለ መጀመሪያ ቆሞ ያየዋል። ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል። ከዚያ በመጥረጊያው እንጨት፣ ክንዱን እስከሚችለው ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ ይነካዋል። ምንም ካልሆነ ወደ ራሱ ይስበዋል። ደንበኞቹ ቆሻሻ የሚጸየፍ ሰው ይመስላቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ሲያትል ውስጥ፣ ከባሕር ዳር አሸዋ የጠፋ ቀለበትና ሐብል ፈልጎ በማውጣት ታወቀ ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው።

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነው። ፓርኪንጉን ከእሱ በፊት ይጠብቅ የነበረ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ ብሎ ብረት መፈለጊያውን ሰጠው። ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሳሕን የመሰለ ክብ አለው፣ ከላይ ትንሽ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የሚወጣ የጆሮ ማዳመጫ። ሽማግሌው ደስ ያሰኘው መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ዘንጉ እጁ ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ዐወቀው። ቤቱ ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባውና በሩ ላይ ወንበር አስደገፈበት።

ከዓመታት በፊት በኦጋዴን ጦርነት የመሐንዲስ ጦር ወታደር ነበር። ሥራው ፈንጂ መፈለግ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ እሱ በእንዲህ ያለው ዘንግ የብረቱን ቀጭን ጩኸት ያዳምጣል፣ ጓደኛው አክሊሉ በሆዱ ተኝቶ በሳንጃ ጫፍ አፈሩን ከጎን በኩል ይገልጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የሥጋ ወይም የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር። አክሊሉ ጠርዙን ሲያይ ዞር ብሎ ይስቅና «ቆርቆሮ ነው!» ይላል። አንድ ረፋድ ላይም እንደ ወትሮው ዞር አለ፣ ሳቀ፣ «ቆርቆሮ ነው!» አለ። አልነበረም።

ሀብተ ጊዮርጊስ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ስደተኛ ሆኖ፣ በመጨረሻ እዚህ ዝናብ የማይለየው አገር ደረሰ። ጆሮው ውስጥ ግን ያ ቀጭን ድምፅ አብሮት መጣ። ማቀዝቀዣው ሲያንሾካሽክ ይሰማዋል። አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ይሰማዋል። ወንበር ያስደገፈበት ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ይመስለው ጀመር።

አንድ የአሜሪካ ክረምት፣ ዳርቻው ላይ ሰው በማይገኝበት በጥር ወር፣ ዘንጉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አልካይ ወደሚባለው የባሕር ዳር ሄደ። ለምን እንደ ሄደ ኋላ ለጎረቤቱ ለማንአልሞሽ ነግሯታል፦ «ካልሰማሁት ይከተለኛል። ስሰማው ግን ያለበትን ቦታ አውቃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ዕውቅናው መጣ። መጀመሪያ የአንዲት ነርስ የጆሮ ጉትቻ፣ ቀጥሎ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ቀለበት። ድምፅ ሲሰማ በሆዱ ይተኛል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ በደነዘዘ የገበታ ቢላዋ አሸዋውን ከጎን እየላጠ ይሄዳል። ሌላው ሰው በአካፋ ዛቅ አድርጎ የሚጨርሰውን እሱ ፊቱ በላብ እስኪታጠብ ይለፋበታል። የሚያዩት ልጆች ይሥቁበት ነበር፤ እሱ ከነገሩ አንድ ጊዜም ዓይኑን አያነሣም። የወጣውን ቀለበት ለባለቤቱ ሰጥቶ ሲመለስ ግንድ ላይ ይቀመጥና ቢላዋውን በሱሪው ይወለውላል።

ማንአልሞሽ ከእሱ በታች ያለው አፓርታማ ውስጥ ትኖር ነበር። ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ባሏን ጳውሎስን በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከምሳ ገበታ ላይ አስነሥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አስከሬን አልተሰጣትም፣ የት እንደ ተቀበረም የነገራት የለም። የቀራት የጋብቻ ቀለበቷ ነው፣ ውስጡ ላይ የባሏ ስም የተቀረጸበት። ሀብተ ጊዮርጊስ ማተቡን ያሰረ ኦርቶዶክስ ነው፤ እሷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጴንጤዎቹ ጋር መሄድ ጀምራለች። በዚህ ተጨቃጭቀው አያውቁም።

በፈረንጅ 1986 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ከአልካይ ነው ኮል የማደርገው» አለች ማንአልሞሽ። ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። «ዛሬ ተጠመቅሁ። ወርቅ አውልቃችሁ ግቡ ብለውን ነበር። ጋሼ፣ ጳውሎስ ጠፋብኝ።»

ቀለበቱ ጠፋ አላለችም። ሀብተ ጊዮርጊስ ወንበሩን ከቁም ሣጥኑ በር ላይ አነሣ።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወንድም ተክለ ጻድቅ በቫን መጥቶ ወሰደው። ዳርቻው ሲደርሱ ባሕሩ ገና ርቆ ነበር፤ እርጥቡ አሸዋ ሰፊ ሆኖ ተዘርግቷል። ምእመናኑ በሙሉ ጎንበስ ብለው በእግራቸው አሸዋውን እየገላለጡ ይራመዱ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ይህን ሲያይ ከቫኑ ዘሎ ወረደ።

«ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። «ማንም እግሩን እንዳያነሣ!»

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ከመካከላቸው እናኑ የምትባል ቀልደኛ ወጣት በአንድ እግሯ እንደ ቆመች ቀረች።

«ጋሼ፣ እኔስ ቀድሜ አንሥቼዋለሁ። ይዤው ልቆይ?»

«ባነሣሽበት መልሺው። ሁላችሁም በመጣችሁበት ዱካ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ ውጡ።»

ሣቁ። ግን የሰውየው ድምፅ የቀልድ አልነበረምና እየሣቁ ታዘዙ። እናኑ አጠገቡ ስትደርስ «እርስዎንም እንዳናጠምቅዎ፣ ውኃ እንደ ሆነ አልጠፋም» አለችው።

«በአርባ ቀኔ ተጠምቄአለሁ፤ ይበቃኛል» አለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እያደረገ።

ማንአልሞሽ ባሕር ያወጣው አንድ ግንድ አጠገብ ተጠቅልላ ቆማለች። ቀለበቱን ለሰው አደራ ከምሰጥ ብላ እናቷ እንደምታደርገው የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር። ከውኃ ወጥታ ነጠላውን ስትለብስ ቋጠሮው ተፈትቷል፣ ጫፉ ባዶ ነው። «እዚህ ነው የለበስሁት» አለች፣ ግንዱ ሥር እያሳየች። ሁሉም የፈለጉት እዚያው ነበር። እሱም ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ የጮኸው ሚስማር ሆነ። ሁለተኛው የጠርሙስ ክዳን። ሦስተኛውም ክዳን። ለእያንዳንዱ በሆዱ ይተኛል፣ ቢላዋውን ያስገባል፣ ያቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ያስገባል። ከጀርባው ያለው ሕዝብ መጀመሪያ ተሣሣቀ፣ በኋላ ወደ ባሕሩ ያይ ጀመር። ከማዶ፣ ከከተማው ፎቆች ሥር አንዲት ፌሪ፣ ሰው አሻጋሪ መርከብ፣ ወጣች፤ የቀሰቀሰችው ሞገድ ትንሽ ቆይቶ ዳርቻውን ላሰው፤ ሲመለስ ግን ቀድሞ ከነበረበት ወዲህ ቀረ። ባሕሩ መሙላት ጀምሯል።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ፈጠን ብንል?» አለ ተክለ ጻድቅ።

«የሚፈጠንበት ሥራ አይደለም።»

«ውኃው እኮ እየመጣ ነው።»

«አያለሁ።»

በግንዱ ዙሪያ አንድም ያልሰማው ቦታ አልቀረም። ሀብተ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አወረደና ማንአልሞሽን ጠየቃት።

«ይህን ነጠላ ካስቀመጥሽው በኋላ ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም። ደረቅ ድንጋይ ላይ አጥፌ አኑሬው፣ ስወጣ እናኑ አቀበለችኝ።»

እናኑ ፊቷ ተለወጠ።

«አንድ ጊዜ አንሥቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጋሽ ሥዩም ተጠምቀው ካንቺ በፊት ሲወጡ በብርድ ሊሞቱ ሆነ። ፎጣው ዳር ቀርቷል። የማንም ይሁን ብዬ ያገኘሁትን አለበስኋቸው፤ ኋላ መልሼ አጠፍሁት።»

«ስታለብሺያቸው አራገፍሽው?»

«ታዲያ ነጠላ ሳይራገፍ ለትልቅ ሰው ይለበሳል?» አለች፤ ይህን እንዳለች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ነጠላ ከመሬት ሲነሣ ሁለት ጊዜ ጧ ጧ አድርጎ ማራገፍ፣ እንኳን አሸዋ ላይ፣ ቤት ውስጥም ማንም ሳያስብ የሚያደርገው ነው። ያንዷ እናት ቋጥሪ ብላ አስተማረች፤ የሌላዋ እናት አራግፊ ብላ አስተማረች።

«የት ቆመሽ?»

እናኑ ጣቷን ቀሰረች። ጠዋት ባሕሩ ርቆ ሳለ የውኃው ጠርዝ የነበረበትን፣ አሁን ሞገድ የሸፈነውን ቦታ ታሳይ ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስ ውኃውን ለረጅም ጊዜ አየው። ግራጫ ነው፤ ከሥሩ ምንም አይታይም። ውኃ ውስጥ በሆድ መተኛት የለም። ከጎን መላጥ የለም። እፍ ብሎ አሸዋ መግፈፍ የለም። ከአክሊሉ ሞት ወዲህ በሕይወት ያቆየው የመሰለው ሥርዓት በሙሉ ከዚህ ጠርዝ ወዲህ ይቀራል። ነገ ቢመጣ ደግሞ ሞገዱ ቀለበቱን ወደ ጥልቁ ጎትቶት ያድራል።

ሱሪውን ሳይሰበስብ ገባ። ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሳሕኑን ከውኃው ሥር እያንሸራተተ፣ ከእናኑ ጣት አቅጣጫ ግራና ቀኝ ሄደ። ውኃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ባቱን፣ ጉልበቱን ያዘ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ማንአልሞሽ ከኋላው ገብታለች፤ ውጪ ቢላትም አልወጣችም።

ከዚያ ጮኸ።

ቀጭን፣ ንጹሕ፣ አጭር ድምፅ ነው። ሳሕኑን መልሶ አሳለፈው፤ በዚያው ቦታ መልሶ ጮኸ። ሚስማር እንዲህ አይጮኽም። ሀብተ ጊዮርጊስ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። አክሊሉ ሊስቅ ዞር ከማለቱ በፊት በጆሮው የነበረው ይኸው ነው። ሳሕኑን ከዚያ ቦታ ሳያነሣ ቆመ።

«አገኙት?» አለች ማንአልሞሽ።

«አላውቅም።»

«ከእግርዎ ሥር ነው?»

«ማንአልሞሽ፣ ከዚህ ራቂ።»

«ጋሼ፣ ቀለበት እኮ ነው።»

«ቀለበት መሆኑን በምን ዐወቅሽ?» ብሎ ጮኸባት። «ማን ነገረሽ? ማንም ምን እንደ ሆነ አያውቅም፣ እጁን እስከሚሰድ!»

ሞገድ መጥቶ ወገቡን መታውና አለፈ። ማንአልሞሽ አየችው፤ የከንፈሩን መድረቅ፣ ዘንጉን የጨበጠውን እጅ። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«ግድ የለም። እርስዎ ይስሙ፣ እኔ እቆፍራለሁ።»

ለደግነት ያለችው ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ጎንበስ ስትል አያት፤ እሱ ከላይ ማዳመጫ ይዞ ቆሟል፣ ሌላ ሰው ከእግሩ ሥር እጁን ወደ አፈር ይሰዳል። አሁን ዞር ብላ የምትሥቅ መሰለው። ከጉሮሮው ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣ፤ ትከሻዋን ይዞ ወደ ጀርባው ገፋት፣ ዘንጉን ለቀቀው፣ በጉልበቱ ወደቀና ባዶ እጁን እስከ ብብቱ ውኃው ውስጥ ሰደደ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጣቶቹ አሸዋው ውስጥ ገቡ፤ ጠንካራ ነገር ነኩ። ጨበጡት።

ምንም አልሆነም። ሞገድ መጣ፣ ሄደ።

ውኃ እየተንጠባጠበበት ተነሣ። ቡጢው ደረቱ ላይ ነው። ተክለ ጻድቅ ሮጦ ገብቶ ብረት መፈለጊያውን ከውኃው አነሣ፤ ሣጥኑ ውኃ ይተፋል፣ ማዳመጫው ዝም ብሏል።

«ይክፈቱት፣ ጋሼ» አለች ማንአልሞሽ።

«እንቢ አለኝ።»

እውነቱን ነው፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። እሷ እንደ ልጅ እጅ ይዛ አንድ በአንድ ትፈታለት ጀመር፤ ትንሿን ጣት፣ ቀጥሎ ያለችውን። እሱ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሯል፣ ዓይኑን አልገለጠም።

እጁ ተከፈተ። ማንአልሞሽ መዳፉ ላይ ያለውን አሸዋ በጣቷ ጠረገች።

«ቆርቆሮ ነው?» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«አይደለም» አለች። «ጳውሎስ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ግን አሁንም አልዞረም፣ አሁንም ዓይኑን አልገለጠም። ዳር ላይ አንዷ እልል ማለት ስትጀምር እናኑ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«እንግዲያው ቀስ ብላችሁ ውጡ» አለ። «በመጣችሁበት።»

ማንአልሞሽ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ ወጣች። ከውኃው ጠርዝ እስከ ግንዱ ያለው አሸዋ ላይ እሱ ሲገባ የተወው ዱካ ገና አልጠፋም ነበር። ተክለ ጻድቅ እግሩን እየመጠነ በዚያ ላይ ረገጠ። እናኑም ጎንበስ ብላ እያየች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንዱንም ሳትስት ረገጠች። የሣቀ አልነበረም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ በውኃው ውስጥ ቆሞ ጠበቀ።