ወርቅነሽ ስለዚያ ፊልም ያለችው

ወርቅነሽ ዳንግላ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት። ከስፌት የተረፈ ጊዜዋን የሚወስዱት ልብ ወለድና ፊልም ናቸው። መጽሐፉን ትከራያለች፤ ፊልሙን በፍላሽ ታስገለብጣለች። ስትጨርስ ታዲያ ዝም ማለት አይሆንላትም። ስልኳን አፏ ጋ አስጠግታ፣ እንጅባራ ለምትኖረው ጓደኛዋ ለቤዛዊት የተሰማትን ሁሉ በድምፅ ትልክላታለች።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ቤዛዊት አግብታ እንጅባራ ከገባች በኋላም አልተራራቁም። “እስኪ ሰሞኑን ምን አነበብሽ?” ትላታለች በየሳምንቱ። ወርቅነሽም ትጀምራለች። ስለ አንዱ ልብ ወለድ፣ “ገበሬው አፉን በከፈተ ቁጥር የሚያወራው ደራሲው ነው። በሬው ግን የእውነት በሬ ነው፤ እኔ የወደድኩት በበሬው ነው” አለቻት። ስለ አንዱ የሠርግ ፊልም ደግሞ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ጀርባው ላይ ተተርትሮ ስላየች የመጣ እንባዋ እንደተመለሰ ነገረቻት። ቤዛዊት ትስቃለች፤ “ቀጥዪ” ትላለች።

ባለፈው ክረምት ያየችው ፊልም ግን አላሳቃትም። ባሏ የጠፋባት ሴት በየምሽቱ ለሁለት ሰው ራት የምታቀርብበት ነው።

“ሰው ሁሉ ፍቅር ነው ይላል” አለች ለቤዛዊት። “እኔ ግን ሃፍረት ነው እላለሁ። ሴትዮዋ ሁለት ሳህን የምታወጣው ባሏ ይመጣል ብላ አይደለም፤ ጎረቤት ያየኛል ብላ ነው። የእኔው ባል ለእህል ንግድ ብሎ ጫግኒ ከወረደ ዘጠኝ ዓመቱ። እዚያ ሌላ ቤት እንደሠራ ከሰማሁም ቆየሁ። ለሰው ግን ‘ይመላለሳል’ እላለሁ። ካፖርቱን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬ፣ አቧራውን እያራገፍኩ እኖራለሁ። ፊልሙን የወደድኩት ይህን ስላልደበቀው ነው።”

ይህን ለእናቷ እንኳ ነግራ አታውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዘወትር ደንበኛዋ መምህር ሽባባው ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ስልካቸውን አወጡ።

“ይችን ሴት ሰምተሻታል? በቴሌግራም ስለ መጽሐፍና ፊልም ታወራለች። ስንት ሺህ ሰው ነው የሚከታተላት መሰለሽ። ስለ አንድ በሬ ያለችውን ብትሰሚ!”

የቤዛዊት ድምፅ ነበር። ሃፍረት እንጂ ፍቅር አይደለም እያለች፣ የወርቅነሽን ቃል አንድ በአንድ ታወርደዋለች። ወርቅነሽ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ድምፁም ቀጠለ። “ዳንግላ ውስጥ የማውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ባሏ ጫግኒ ሌላ ትዳር ይዟል። እሷ ግን ካፖርቱን ሱቋ ውስጥ ሰቅላ…”

መምህሩ ቀና አሉ። ካፖርቱ ፊት ለፊታቸው ነው። ስልኩን አጠፉት። ሱሪያቸውን ተቀብለው፣ “እግዜር ይስጥሽ” ብለው ዓይኗን ሳያዩ ወጡ። እሷም ካፖርቱን አውርዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ በምታጠራቅምበት ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረዳቱ እንጅባራን በልማድ ስሟ “ቆሰበር! ቆሰበር!” እያለ በሚጣራበት ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ቤዛዊት በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ደበዘዘ።

“ሰማሽው ማለት ነው” አለች።

“መምህር ሽባባው አሰሙኝ። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለው።”

“ስምሽን አልጠራሁም እኮ ወርቄ።”

“ካፖርቱን ጠራሽው።”

ቤዛዊት ተቀመጠች። “ሰው የሚወደው ያንን ያንን ነው። ደረቁን ብቻ ባወራ ማን ይሰማኛል?”

“ፊልሙን አይተሽዋል?”

ቤዛዊት የነጠላዋን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረች።

“የበሬውንስ መጽሐፍ አንብበሽዋል?”

“ሥራው፣ ልጆቹ… ጊዜ የት አለኝ? አንቺ ስትነግሪኝ ያየሁት ያህል ይሆንልኛል።”

ወርቅነሽን ከካፖርቱ ይልቅ ይህ ጎዳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር እያነበበች ነው ብላ ታስብ ነበር። ‘እኔም እዚያ ጋ አለቀስኩ’ ያለችውን ሁሉ አምናት ነበር።

“አጥፊው” አለቻት።

ቤዛዊትም ወርቅነሽ እያየቻት ድምፁን ከቴሌግራም አጠፋችው። “ለሌላ ሰው የተላለፈውን ግን መመለስ አልችልም። ከአሁን በኋላ ስምሽን እየጠራሁ…”

“ከአሁን በኋላ የለም” አለችና ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

ቤዛዊት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳችላትም። ዳንግላ ውስጥም ወሬው ዞረ። ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡ ሴቶች ዓይናቸው ባዶው ሚስማር ላይ ያርፋል፤ አንዳንዷም ወርቅነሽ ባልጠበቀችው ርኅራኄ ዋጋ ሳትከራከር ትከፍላለች። ይህ ከሐሜቱ የባሰ ያማታል።

ጥቅምት ላይ መምህር ሽባባው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዘው መጡ። የሚያስጠብቡት ልብስ አልነበራቸውም።

“ይሄን አንብበሽዋል? ያንን ሁሉ የምትይው አንቺ እንደነበርሽ ገብቶኛል። ምን እንደምትዪ ልስማ ብዬ ነው።”

ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ የምትለው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

“አላነበብኩትም መምህር” አለቻቸውና መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ጀመረች።