የሲስተር ሳጥን

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አርሲ ሮቤ አካባቢ አንዲት ቀበሌ ውስጥ የበረዶ ሳጥን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ቆሜያለሁ። እዚያ ምን አደረሰህ ትሉኝ ይሆናል... ቅናት! ሌላ ስም አላወጣለትም።

አሰላ አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ነው የምሠራው። ሥራ አስኪያጅነቱን ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ማስተርሴም በማኔጅመንት ነው። የድርጅቱ ባለቤት ማንን ቢሾም ጥሩ ነው? ነርስ! ጢቾ ገጠር ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናት ስትከትብ የኖረች ነርስ። ያን ሰሞን እህል አልዋጥልኝ አለ።

የጢቾ ወተት መንገድ ላይ እየተበላሸ ሲያስቸግረን፣ እኔ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይገዛ ብዬ አርባ ገጽ ጽፌ ነበር። እሷ ግን ክትባት በምታዞርበት ዓይነት ሳጥን፣ በረዶ ሞልታ፣ በሞተር ሳይክል ከየደጁ አስለቀመችው። መበላሸቱ ቀረ። ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብላት እርር ድብን አልኩ።

«ይሄ እኮ በረዶ በሳጥን ነው፣ ማንም ይሠራዋል! ሮቤን ለእኔ ስጡኝ» አልኩ።

«ከተሳካልህ እዚያ የምንከፍተውን ቅርንጫፍ አንተ ትመራዋለህ» አለኝ ባለቤቱ።

እናም ያን ማክሰኞ፣ ሰው ይበዛል ብዬ ጤና ኬላው ደጅ ቆምኩና በድምፅ ማጉያ «እናቶች ኑ!» አልኩ። መጡ! ግን እያንዳንዳቸው ሕፃን አዝለው... ተሰለፉልኝ።

«ኦቦ፣ መርፌው የታል?» አለች የፊተኛዋ፣ የልጇን ክንድ ገልጣ።

«ወተት ነው የምሰበስበው።»

«የማንን ወተት?» ብላ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምን አማራጭ አለኝ... ለነርሷ ደወልኩላት። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

«ጤና ኬላ ደጅ፣ በዚያ ሳጥን?» ብላ ሳቀችብኝ። «እኔ እኮ መጀመሪያ ቤት ለቤት ዞሬ ነው የነገርኳቸው። በል አትበትናቸው። ክትባት ያለፋቸውን ልጆች ስም ጻፍና ለጤና ሠራተኛዋ ስጣት። ከዚያ ስለ ወተቱ በትህትና ጠይቃቸው።»

በማስተርሴ የሕፃናት ስም ስጽፍ አረፈድኩ። በማግስቱ እነዚያው እናቶች ወተት ይዘው መጡ።

አንዷ ጆጓን እያቀበለችኝ «ትናንት በስልክ ያዘዘችህ አለቃህ ናት?» አለችኝ።

«አዎ... አለቃዬ ናት» አልኩ። ከተሾመች ጀምሮ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ቅርንጫፉን አግኝቻለሁ፤ እንቅልፌን ግን ገና አላገኘሁም።