ድምፅ ያጣው አባል መንገድ

ኅዳር 9 ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ መዝገብ ያዥ ድንገት ሕይወቱ ባለፈበት ዕለት፣ ጠረጴዛው ላይ የዓመቱ የአባላት ዝርዝር እስከ ሃያ ሦስተኛው ስም ብቻ ተጣርቶ ተገኘ። ከሃያ አራተኛው ጎን አንዲት የእርሳስ ነጥብ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

አባላቱ «ጋሽ ማረጋገጫ» ይሉት ነበር። ሬዲዮዎቻቸውን በኢንተርኔት ያገናኛሉ፤ ወደ እያንዳንዱ አባል የሚላክ መልእክት በየት በኩል አልፎ ቤቱ እንደሚደርስ የሚመዘግበው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሌላውን መንገድ በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ የዚያ አባል መልእክት ሁለት ወር ሙሉ ባዕድ ቤት ሲገባ ከርሟል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ የጠያቂውን ድምፅ በሬዲዮ ሳይሰማ አንዲት መስመር አይጽፍም። እህቱ እንኳ ምሳ እያቀረበችለት መንገዴን መዝግብልኝ ብትለው፣ «ቤትሽ ግቢና በሬዲዮ ጥሪኝ» ብሎ መልሷታል።

ጥቅምት መባቻ ላይ ሰዓት ጠጋኝ ከሆነ አንድ አባል ደብዳቤ መጣ። የሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ወዳጁ ነው፤ ተያይተው ግን አያውቁም። ቤት ለቅቄአለሁ፣ መንገዴ ወደ አዲሱ ቤት ይዙርልኝ ይላል። ጋሽ ማረጋገጫ በሬዲዮ ቢጠራው፣ ቢጠራው መልስ የለም። ሁለተኛው ደብዳቤ ታምሜ መናገር አልችልም አለ። ይሄ ይብስ አጠራጠረው። ወሬ ከጀመረ ባትሪው ካላለቀ የማያቆም ሰው መናገር አቃተው? አታላይስ ቢሆን ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

የአሮጌው ቤት መስመር ኅዳር 10 ይቆረጣል። እስከዚያ ካልተመዘገበ ወዳጁ ከአባላቱ ሁሉ ጋር ይቆራረጣል፤ ተመዝግቦ ውሸት ከሆነ ደግሞ ወዳጁን በገዛ እጁ ለሌባ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሰኞ ኅዳር 8 ሁለት አውቶቡስ ይዞ ደብዳቤው ወደሚለው አዲስ ቤት ሄደ።

በር የከፈተችለት አንዲት ልጅ ናት። ውስጥ አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሽማግሌ ተቀምጧል። ጋሽ ማረጋገጫ ሳይቀመጥ የሬዲዮ ፈቃድ ወረቀቱን ጠየቀ፤ አገላብጦ አየውና ፈቃድም ይሰረቃል አለ።

«ጋሼ፣ አባዬ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ድምፅ የለውም» አለች ልጅቷ፣ ቆጣ ብላ። «ድምፅ ከየት እናምጣልዎ?»

ሽማግሌው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ ይስቃል። ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። በሬዲዮ ፊደል የሚላላኩበት የሞርስ ምት ነው። በሞርስ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እንደ እጅ ጽሕፈቱ የራሱ አመታት አለው። ይሄኛው የየቃሉን የመጨረሻ ምት እንደሚያነክስ ሰው ይጎትታታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲጎትታት ኖሯል።

ምቱ፣ «አንተ አኩራፊ፣ ቁጭ በል» ይላል።

ጋሽ ማረጋገጫ ወንበሩን ሳበ። ግን አልተቀመጠም።

«ድገመው» አለ።

ደገመለት። ያኔ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም በጣት ሲያወሩ ዋሉ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት የወዳጁን መንገድ ማዞሪያ ቅጽ ሞልቶ መስመሩን ወደሚያዞረው የኢንተርኔት ድርጅት ቢሮ ሄደ፣ ወረፋ ያዘ። ጸሐፊዋ የመታችው ማኅተም ደብዘዝ ስላለበት እንደገና አስመታ፤ ቀኑ በትክክል መጻፉን በመስኮቱ ብርሃን አይቶ፣ ቅጂውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።