ከቀፎዎቻችን ጀርባ የተረፈው ሰው

ዛሬ ሰኞ ገበያ ማር ስገዛ ንብ እጄን ነደፈችኝ። ሻጩ ሰይድ ሳቀ፤ «እትዬ፣ ወላሂ አላወቀችዎትም! እኔን ያተረፉኝ የርስዎ ንቦች አይደሉ?»

እኔስ ያወቀችኝ መሰለኝ።

ሰይድ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ጎረቤቴ ነበር። ወታደሮች ቤት ለቤት ሲፈልጉት መጥቶ በራችንን አንኳኳ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሊከፍት ሲነሳ፣ ፈርቼ እንዳይከፍት እጁን ያዝኩት።

በሩ ሳይከፈትለት ሲቀር ሰይድ ጓሯችን ገብቶ ከቀፎዎቹ ጀርባ ተደበቀ። አንዱ ወታደር ቀፎውን በሰደፍ ሲመታው ንቦቹ ወጡባቸው። አንዲት ንብ ስትነድፍ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል፤ ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። ወታደሮቹ እስከ አስፋልቱ ሮጡ። ሰይድም ተነድፏል፤ ግን ትንፍሽ አላለም።

ቤት ያልነበርን ይመስለዋል። ዛሬም ማር መረቀልኝ፤ ተቀበልኩት።

ሰይድ፣ ቤት ነበርን። ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ።

እናንተስ፣ የማይገባችሁን ምስጋና ዝም ብላችሁ ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ?