ጧት አንድ ሰዓት

ሞላሌ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ ነኝ። የበግ ሌባ ጭቃ ላይ ኮቴ ትቶልህ ይሄዳል። የስልክ ሌባ ግን የሚተወው ቁጥር ብቻ ነው፤ የጥሪ ዝርዝሩን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጥቼ እጄ እስኪገባ ሦስት ወር አለፈ። በእነዚያ ሦስት ወራት ወይዘሮ ጌታነሽን ያናገራቸው ሰው የለም።

ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። የበግ ፀጉር ፈትለው ለበርኖስ ሠሪ እየሸጡ ይኖራሉ። ሰው የሚሏቸው የሚካኤል ማኅበርተኞቻቸውን ነው፤ ከእሳቸው ጋር አሥራ ሁለት ሴቶች፣ በወር አንድ ቀን የሚገናኙ።

ከእነዚያ ሴቶች ስድስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዘረፉ። ደዋዩ የገዳም መነኩሴ ነኝ ይላል። እያንዳንዷን በክርስትና ስሟ ጠርቶ «በጸሎት እያሰብኩሽ ነው» ይላታል፤ ከዚያ ስልኳ ላይ የገባውን የሚስጥር ቁጥር «የገዳሙ መዝገብ ቁጥር ነው» ብሎ ያስነግራትና የባንክ ሒሳቧን ያራግፋል። የክርስትና ስም ደግሞ ለጸሎት ካልሆነ ለማንም አይነገርም። ስለዚህ ከመካከላችን የሸጠችን አለች አሉ። ካልተዘረፉት መካከል ድሃዋና ብቸኛዋ ጌታነሽ ነበሩ፤ በቃ፣ እሳቸው ናቸው ተባለ። የባንክ ደብተር እንኳ እንደሌላቸው ማን ያስብ! ተራቸው ደርሶ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ሲጠብቁ አንዲትም ሴት ደጃቸውን ሳትረግጥ መሸ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር።

ዝርዝሩ ሲመጣ ያ ቁጥር ለስድስቱ አንድ አንድ ጊዜ ነው የደወለው። ለጌታነሽ ግን ከሁሉም በፊት አሥራ ሁለት ቀን በተከታታይ ደውሏል፤ ሁልጊዜ ጧት አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ምን ነበር የምታወሩት?»

«ስለ ብርዱ፣ ስለ ወገቤ። እንዴት አደሩ ይለኛል። በጸሎት የማስባቸውን ሰዎች የክርስትና ስምና ስልክ ይስጡኝ አለኝ፤ መጀመሪያ የራሴን፣ ከዚያ የማኅበርተኞቼን ሰጠሁት።»

«አሥራ ሁለት ስም ለመናገር አሥራ ሁለት ቀን?»

እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ሁሉንም በአንድ ቀን ብነግረው፣ በነጋታው ምን ብሎ ይደውልልኛል ልጄ?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሬ።»

ቃላቸውን ጽፌ አነበብኩላቸው፤ በጣታቸው ፈረሙ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ይህን ለማኅበርተኞቼ አንብብላቸው።»

«ደንቡ አይፈቅድም፤ ደግሞስ ያዝኑብዎታል።»

«ይዘኑብኝ። ሸጠችን ከሚሉኝ ይሻላል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደንቡን ወደ ጎን ትቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ደዋዩ ገና እንዳልተያዘ፣ ሲም ካርዱም በሌላ ሰው ስም የወጣ እንደሆነ አልደበቅኳቸውም። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የበጎቿ ዋጋ በሙሉ የተወሰደባት ዘነበች ግን ቆማ ቀረች። ገንዘቧን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ መልስ ሳዘጋጅ፣

«በስንት ሰዓት ነበር የሚደውልላት?» አለችኝ።

«ጧት አንድ ሰዓት።»

«እኔ እንኳ በዚያ ሰዓት በደጇ አልፌ ነው ውኃ ልቀዳ የምወርደው» አለችና ማልቀስ ጀመረች።