ቀኑ አላልቅ ያለኝ የካቲት

አባቴ አቃቂ ጣቢያ ሐዲድ የሚጠግን ሠራተኛ ነበር። እኔ ክር ፋብሪካ የገባሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የቤታችን ሕግ አንድ ነበረች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት።

ታኅሣሥ ላይ ሕጓ አታስቸግርም። ከፋብሪካው በር ስንወጣ ብርዱ ራሱ ያጣድፈናል፤ ቤት ስደርስ ይመሻል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ቀኑ መርዘም ጀመረ። እግሬን ታጥቤ፣ ለእናቴ ሽንኩርት ልጬላት፣ ፀሐይዋ አሁንም ከጎረቤት ግድግዳ ላይ አትወርድም። በዚያ ሁሉ ብርሃን ምን እንደማደርግበት አላውቅም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ። እናቴ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል ትለኛለች።

ስለዚህ ከሥራ ስወጣ መንገዴን ማስረዘም ያዝኩ። መጀመሪያ እስከ ወንዙ ድልድይ፣ ቀጥሎ እስከ ጣቢያው። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከናዝሬት የመጣው ባቡር ቆሞ አገኘሁት። አባቴ የዚያን ቀን ለሥራ ዱከም ሄዷል። ብዙም አላሰብኩበትም፤ ተሳፈርኩ።

ለገሃር ስወርድ ፀሐይ ገና ጣራዎቹ ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው፤ እኔ የለኝም። አደባባዩን አንዴ ዞርኩና እንዳይመሽብኝ አውቶቡስ ፍለጋ ሮጥኩ። ቃሊቲ ስንደርስ ዓይን ያዝ አደረገ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ከዱከም ተመልሶ በሐዲዱ ዳር ሊፈልገኝ ወጥቶ ኖሮ ፋኖሱን እንደያዘ ተመለሰ። ይመታኛል ብዬ ነበር።

«የት ነበርሽ?»

«ለገሃር።»

«ማን ጋ?»

«ማንም ጋ አይደለም አባዬ። ቀኑ አላልቅ አለኝ።»

 ፋኖሱን አጠፋና ራት አቅርቡ አለ። እናቴ ግን እስከ እሑድ አላናገረችኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ጫማሽን አድርጊ አለኝ። ለሠራተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው ነጻ ቲኬት ናዝሬት ይዞኝ ሄደ። እሱ ዱከም ሳንደርስ አንገቱን ደፍቶ ተኛ። እኔ ሞጆን እስክናልፍ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጪ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ናዝሬት ብርቱካን ገዛልኝ፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላን። ልንመለስ ስንል ሐዲዱ ወደ ድሬዳዋ የሚቀጥልበትን እያሳየኝ፣

«እሱን ደግሞ ስታገቢ ባልሽ ያሳይሽ» አለኝ።

ባል አልጠበቅኩም። በዓመቱ ድሬዳዋ ያለ አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። ሻንጣዬን ጣቢያ ድረስ የተሸከመልኝ አባቴ ነው። እናቴ ከቤት አልወጣችም።