ገላጋይ የማያውቅ ከተማ

የሰውየው ገላ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የሌላ ሰው ጠብ ነው። ግራ ቅንድቡን የሰነጠቀው ጠርሙስ የተወረወረው ለጎረቤቱ ነበር። የፊት ጥርሱን ያወለቀው ክርን የአውቶቡስ ረዳት ክርን ነው፤ የታሰበውም ለአንድ ነገረኛ ተሳፋሪ ነበር። ተጣማ የቀረችው የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ቤት ሲተናነቁ መሀል ገብታ የተሰበረች ናት። በራሱ ጉዳይ ግን አንድ ሰው በጥፊ ብሎ አያውቅም። ለዚህ ነው እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ዘመድም ባዳም "ገላጋዩ" የሚለው።

ሥራውን የጀመረው በሰባት ዓመቱ፣ በገዛ ቤቱ ነው። አባቱ ቀበቶውን ፈትቶ ወደ እናቱ ሲራመድ ልጁ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። አባትየው እግሩን ቢያራግፍ፣ ቢረግጠው፣ ከግድግዳ ቢያላትመው አይለቅም። ቀበቶው እሱ ጀርባ ላይ ሲያልቅ እናቱ ወደ ጓዳ ታመልጣለች። ከዚያ ወዲህ ጠብ ባየ ቁጥር እግሩ ራሱ ይወስደዋል፤ ሳያስበው መሀል ገብቶ ይገኛል።

ደግሞም መገላገል ዝም ብሎ ዘው ማለት እንዳይመስላችሁ። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ጥርሱን ከመሬት ይለቅማል። ከኋላ ነው የሚገባው፤ ሁለት እጅን በብብት ሥር አሳልፎ ደረት ላይ መቆላለፍ፣ ተያዡ በማጅራቱ አፍንጫ እንዳይሰብር ግንባርን ጀርባው ላይ መለጠፍ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማንን እንደሚይዙ ማወቅ ነው። የሚያዘው የራስ ወገን ነው። ባዳውን የያዙት እንደሆነ ለሁለት ሊደበድቡኝ ነው ብሎ ይብስበታል። የራስን ሰው ሲይዙ ግን ሌላው እጁን ይሰበስባል፤ የተያዘ ሰው መምታት ነውር ነዋ! ገላጋዩ ባደገበት ሰፈር የተያዘ ሰው የመታ ሠርግም ለቅሶም አይጠራም።

በአርባ ዓመቱ ይህን ሙያውን ይዞ ባሕር ተሻገረ። ሥራ ያገኘው የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥብ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ነው። ደም የነካው በቢጫ ከረጢት ይመጣል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቅ ውሃ ከቀደመ ደሙ ይጋገርና አይለቅም። ይህን በሁለተኛው ቀን ተማረ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን የውጭ ዜጎች ቢሮ አዲስ ገቢዎችን ሰብስቦ ምክር ሰጥቷቸው ነበር። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ከወረቀት ላይ በአስተርጓሚ በኩል አነበበችላቸው፦ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ሌባ ስልክ ቢጠይቃችሁ ስጡት፤ ጠብ ካያችሁ ራቁ፣ አትንኩ፣ ፖሊስ ጋ ደውሉ።

ገላጋዩ እጁን አወጣ። "እስኪደወል ድረስ ሰውየው ቢሞትስ?"

"ደውል" አለችው።

"ቅርቤ ቢሆንስ? እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቢሆን?"

"በዘረጋኸው እጅ ደውል" አለችና ገጹን ገለጠች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

በአራተኛው ዓመት የሚስቱን ወንድም አስመጣ። ሚስቱ በስልክ "አደራ፣ ያለኝ አንድ ወንድም ነው" ብላ አልቅሳ ነው የላከችለት። ልጁ ቁመተ ረጅም፣ ሰውነቱ ሸንቃጣ፣ ምላሱ ግን የማይቻል ነበር፤ የአዲሱን አገር ቋንቋ ሰላምታ ሳያውቅ ስድቡን ጥንቅቅ አድርጎ ተማረ። በማጠቢያው ቤት ያሉ የአገር ልጆች "ምላጩ" አሉት። ምላጩ ከአለቃ ጋር ይጣላል፣ ከዘበኛ ጋር ይጣላል፤ ገላጋዩም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከኋላው ገብቶ አቅፎ ያወጣዋል። "ጋሼ ልቀቀኝ! ጋሼ ዛሬስ አትያዘኝ!" እያለ ሲፎክር ግቢው ሁሉ ይስቃል።

ከዚያ ከተማው ከፋ። ሥራችንን የወሰዱብን እነዚህ ናቸው የሚል ወሬ ተነሳ። የአገር ልጆች ሱቅ መስታወት በድንጋይ ረገፈ፤ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ ፀጉሯን ተይዛ ተጎተተች። በላዩ ላይ ደግሞ በወንጀል የተጠረጠረ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ተነገረ። ሰው ጉዳዩን ጨርሶ በጊዜ ቤቱ መግባት፣ መንገድ ላይ ባገሩ ቋንቋ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ከምላጩ በቀር።

አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣ ምላጩ ቀድሞ ወጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር። አንድ እቃ አድራሽ ሞተሩን አስጠግቶ አቆመና "አገርህ ግባ" ብሎ እግሩ ሥር ተፋ። ምላጩ ዞር ብሎ የማጠቢያ ቤቱን በር አየት አደረገ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ከሰውየው ጀምሮ እናቱን፣ አያቱን፣ ሞተሩንም ሳይቀር በሰውየው ቋንቋ አወረደው። ሰውየው ወርዶ ገፈተረው፤ ምላጩ በቡጢ አፍንጫውን አለው፤ ደም በአገጩ ወረደ። ፌርማታው ላይ ከነበሩት አሥር አሥራ አንድ ሰዎች አንድም ንቅንቅ ያለ የለም። ስልካቸውን ነው ያወጡት። ይኼ ነገር እኔን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ ሰው ሲተላለቅ እያየ የስልኩን መስታወት በልብሱ ጠርጎ የሚቀርጽ ፍጡር ምን ይባላል?

ገላጋዩ ከበሩ ሲወጣ አየ። ቦርሳውን ጣለና ሮጠ። ከኋላ ገባ፣ በብብት ሥር አሳለፈ፣ ደረት ላይ ቆለፈ፣ ግንባሩን ምላጩ ጀርባ ላይ ለጠፈ። "በቃ! በቃ!" አለ በገዛ አገሩ ቋንቋ፣ ለምላጩም ለሰውየውም።

ሰውየው እጁን አልሰበሰበም። ከቀበቶው የካርቶን መቁረጫ ቢላ መዘዘና በምላጩ ግራ ጎን ሻጠው።

ምላጩ ጮኸ። ገላጋዩ ግንባሩን ጀርባው ላይ ደፍቶ ነበርና ቢላውን አላየም። ጩኸቱን እልህ መሰለው። ስለዚህ አጥብቆ ያዘው፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው። "ያዝኩህ፣ በቃ፣ ያዝኩህ" ይለዋል፣ ምላጩ እንደ ዓሣ ይፈራገጣል፣ ሰውየው ይወጋል። ሁለተኛው ከጎድን አጥንት በታች ገባ። ሦስተኛው አጥንት ነክቶ ስለቱ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን ድምፅ ገላጋዩ በግንባሩ ሰማው። ያን ጊዜ እጁ ላይ የሞቀ ነገር ፈሰሰ። በስድስት ዓመት የማጠቢያ ቤት ሥራው ያን ያህል ደም ያየው በቢጫ ከረጢት ቀዝቅዞ ነው። እጁን ሲፈታ ምላጩ በእግሩ መሀል ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፣ ከአፉ አረፋና ደም ወጣ።

ፖሊስ ሲደርስ ካቴና ያጠለቀው መጀመሪያ ገላጋዩ ላይ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ነበራ። እቃ አድራሹ ሁለት መንገድ ርቆ ሳይሄድ ተያዘና ቃሉን ሰጠ፦ "ይሄኛው ይዞልኝ ነው። 'በቃ፣ በቃ' እያለ ሲጮህ፣ በቋንቋቸው ምታው ያለኝ መሰለኝ።"

መርማሪው ትሁት ሰው ነበር፤ ትሁትነቱ ነው የሚያስፈራው። የተቀረጸውን ምስል አሳየው። ከመጀመሪያው ውጋት እስከ ሦስተኛው አራት ሰከንድ ነው። "አራት ሰከንድ ሙሉ ይዘኸዋል" አለ። "እንዲያውም እዚህ ጋ ስታጠብቅ ይታያል።" አስተርጓሚዋ በስልክ ነበር የምታስተረጉመው፤ ፊቷን አይቶት አያውቅም።

"ገላጋይ ነኝ በያቸው፣ እመቤቴ።"

 አስተርጓሚዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ መርማሪው ቅንድቡን አነሳ።

"ምን አልሽው?"

"ቃሉ አልመጣልኝም። 'በሰው ጠብ ውስጥ የሚገባ ሰው ነኝ ይላል' አልኳቸው።"

"ኧረ ጉዴ! እሱማ ደብዳቢ ነው!"

"ማን ነው የሚከፍልህ? እያሉ ነው" አለች አስተርጓሚዋ።

ነገሩ ሁሉ በምላጩ አፍ ላይ ወደቀ። መርማሪው በግልጽ ነገረው፦ ልጁ ከሞተ በግድያ ተባባሪነት ትከሰሳለህ፤ ከነቃና ሆን ብሎ ያዘኝ ካለም ያው እስር ቤት ነህ፤ ቅጣትህን ስትጨርስ በቀጥታ አገርህ ነህ፤ ሊያወጣህ የሚችለው የእሱ ቃል ብቻ ነው። ምላጩ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ጣፊያው ወጥቶ፣ አንዱ ሳንባው ተኮማትሮ በማሽን ይተነፍስ ነበር።

በእስር ቤቱ በአራተኛው ቀን አንድ ስልክ ተፈቀደለት። ሚስቱ ጋ ደወለ። ምስሉ ቀድሞት ደርሷል።

"ሰዉ ሁሉ አየው" አለችው። ድምፅዋ ደርቋል፤ አልቅሳ ጨርሳለች። "ይዞ አስወጋው ነው የሚሉት። አንተ ንገረኝ። ያዝከው?"

"ያዝኩት።"

"ለምን?"

"እንዳይመታ ብዬ።"

"ማን እንዳይመታ?"

"እሱ። ወንድምሽ።"

"እሱ እኮ ነው የተወጋው!" ብላ ጮኸችና ስልኩን ዘጋችው። ገላጋዩ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ምግብም አልወርድ አለው። እሷ እውነቷን መሆኑ ነው የጨረሰው።

በአሥረኛው ቀን ምላጩ ነቃ። መርማሪው ገላጋዩን ካቴናውን ሳይፈታ ሆስፒታል ይዞት ሄደ፤ ፊት ለፊት ላገናኛችሁ ብሎ። የምላጩ ፊት አመድ መስሏል፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ጎኑ ላይ ሌላ ቱቦ። ነርሷ አምስት ደቂቃ ብቻ ብላ አስጠንቅቃ ወጣች። መርማሪው ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠለት፤ አስተርጓሚዋ ሰላም አለችው።

"ይህ ሰው ይዞህ ነበር ወይ?"

"ያዘኝ" አለ ምላጩ።

ገላጋዩ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ለምን?"

ምላጩ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹን ሰብስቦ ተናገረ።

"ሁልጊዜም ይይዘኛል። እኔ እኮ ተደባድቤ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ። ሰውየው ሲተፋብኝ ወደ በሩ አየሁ። ጋሼ በበሩ መስታወት ውስጥ ሲመጣ አየሁት። ይደርሳል፣ ይይዘኛል፣ እኔም ልቀቀኝ እያልኩ እፎክራለሁ፣ በቃ። ለዚህ ነው የተሳደብኩት፣ ለዚህ ነው የመታሁት። እሱ ባይኖር ምራቄን ውጬ አውቶቡሴ ላይ እወጣ ነበር።" አረፍ አለ። "ፍቱት። ጋሼ ምንም አላጠፋም። ሊገላግለኝ ነው።"

አስተርጓሚዋ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። በዚህ ጊዜ ቃል አላጣችም። መርማሪው አንዴ ምላጩን፣ አንዴ ገላጋዩን አየ፤ ቁልፉን አወጣና ካቴናውን ፈታ። ፈቃድህ አይነካም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አለው።

ነፃ ወጣ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስ አላለውም። እሱ ባይኖር ልጁ ምራቁን ውጦ ይሳፈር ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከኋላ አቅፎ የያዛቸው ስንቶቹ ይሆኑ ቡጢ ከመሰንዘራቸው በፊት ዞር ብለው እሱን ፈልገው ያዩት? 

ነርሷ የቁስል ማሰሪያ የያዘ ትሪ ይዛ ገባች። የምላጩ የጎን ቁስል ማሰሪያ መለወጥ ነበረበትና ካቴና የሌለበትን እጅ አይታ ለገላጋዩ ጠቆመችው፤ ከኋላ ቀና አድርገህ ያዝልኝ ማለቷ ነው። ገላጋዩ ወደ አልጋው ራስ ዞረ። እጆቹን ቀስ አድርጎ በምላጩ ብብት ሥር አሳለፈ።

የምላጩ ገላ ድርቅ አለ። ከዚያ የቱቦው አፍ እስኪነቀል ድረስ ጮኸ፤ በክርኑ የገላጋዩን ደረት መታው፤ ማሽኑ ያንባርቅ ጀመር። "ልቀቀኝ! እሱ አይያዘኝ! እሱ አይያዘኝ!" ገላጋዩ እጁን መንጥቆ አወጣና ወደ በሩ አፈገፈገ። በሕይወቱ ልቀቀኝ ተብሎ ሲለቅ የመጀመሪያው ነው።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ" አለ ምላጩ፣ እንባው በጆሮው ግንድ እየወረደ። "እኔ አይደለሁም፣ ገላዬ ነው። እባክህ ሌላ ሰው ይያዘኝ።"

መርማሪው ጃኬቱን አውልቆ ወደ አልጋው ራስ ሄደ። ሰው ይዞ አያውቅም መሰል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ አንዴ ትከሻውን፣ አንዴ አንገቱን ይነካል። ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

"እመቤቴ፣ አለሽ?" አለ ገላጋዩ ከበሩ ሥር።

"አለሁ።"

"በብብቱ ሥር ያሳልፉ በያቸው። እንደሱ። እጃቸውን ግን አይቆልፉ። ልል አድርገው ይያዙት በያቸው።"